ስፔስፍላይት ሲሙሌተር፦ ሮኬታችሁ ለምን ተመልሶ ይወድቃል?

ስለዚህ ጌም በብዛት የሚሰማው ቅሬታ አንድ ነው፦ ሮኬቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ነዳጁ ያልቃል፣ ተመልሶ ይወድቃል። ሌላው ቅሬታ የዚሁ ልጅ ነው። «ነዳጁን ሆን ብለው ያሳነሱት ቀሪውን በገንዘብ እንድንገዛ ነው» ይባላል። ጅማ መርካቶ ስልክ ቤቶች በር ላይ የሚሰበሰቡት ልጆችም፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ዶርም ውስጥ ያሉት ተማሪዎችም ይህንኑ ነው የሚሉት። ሁለቱም ቅሬታዎች ልክ አይደሉም። በነፃ በሚሰጡት ክፍሎች ብቻ ጨረቃ ላይ አርፎ ወደ መሬት የሚመለስ ሮኬት መሥራት ይቻላል። ጌሙ ሊወቀስባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ እነሱን ግን ብዙ ሰው አያነሳቸውም። መጀመሪያ ሮኬቱ ለምን እንደሚወድቅ እናንሳ፣ ወደ እውነተኛዎቹ ጉድለቶች ቀጥሎ እንመጣለን።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ በፈረንጆች 2017 አንድሮይድ ላይ የወጣ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ጌም ነው። አንዱ ገጽ ላይ ሮኬት ትገጣጥማላችሁ፣ ሌላው ላይ ታበራላችሁ፣ ሦስተኛው ምህዋራችሁን የሚያሳይ ካርታ ነው። ጠላት የለም፣ ተኩስም የለም። የምትታገሉት ከስበት ጋር ብቻ ነው። ሁሉም ነገር በጠፍጣፋ ሥዕል ስለሚሄድ ሮኬቱን ግራና ቀኝ ማዘንበል እንጂ ሌላ አቅጣጫ የለውም። ለትንሽ ስክሪን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስበቱ የይስሙላ አይደለም። በ2012 የወጣው አንግሪ በርድስ ስፔስም በስበት የሚጫወት ጌም ነበር፤ እዚያ ግን እያንዳንዱ ፕላኔት ዙሪያውን ክብ ተሰምሮለት ከክቡ ውጪ ስበት የሚባል ነገር አይታሰብም። እዚህ ስበቱ በርቀቱ ካሬ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ልክ ኒውተን እንዳስቀመጠው። ከፕላኔቱ መሐል ያላችሁ ርቀት እጥፍ ሲሆን ስበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሞተር ስታጠፉ ሮኬቱ የሚሄድበት መንገድ ኬፕለር ከ400 ዓመት በፊት የገለጸው ሞላላ ቅርጽ ነው። ለዚህ ነው እዚህ የተማራችሁት ነገር የፊዚክስ ክፍል ውስጥ የማያሳፍራችሁ።

አሁን ሮኬቱ ለምን ይወድቃል? አብዛኛው ጀማሪ «ሕዋ» ማለት ከፍታ ይመስለዋል። ሕዋ ላይ መቆየት ግን የፍጥነት ጉዳይ ነው፣ ያውም ወደ ጎን። ከጅሬን ኮረብታ ላይ ድንጋይ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ሰማይ ብትወረውሩ ተመልሶ እግራችሁ ሥር ይወድቃል። ወደ ጎን ብትወረውሩት ራቅ ብሎ ይወድቃል። ክንዳችሁ በጣም ቢበረታ ሰቃ፣ ከዚያም ሸቤ፣ ከዚያም ቦንጋ ይደርስ ነበር። የበለጠ ቢበረታ ድንጋዩ እየወደቀ ሳለ መሬትም እኩል እየጎበጠች ከሥሩ ትሸሻለች፤ መውደቁን ሳያቆም ዞሮ ከኋላችሁ ይመጣል። ምህዋር ይህ ነው። ቀጥ ብሎ የወጣ ሮኬት 100 ኪሎ ሜትርም ይውጣ 200፣ የጎን ፍጥነት ስለሌለው ይወድቃል። ጌሙ አልከዳችሁም፤ ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረገው።

የጌሙ አዘጋጅ ነገሩን ለእኛ ለማቅለል ፕላኔቶቹን በ20 እጥፍ አሳንሷቸዋል። «ኖርማል» በሚባለው፣ መጀመሪያው የክብደት ደረጃ ላይ ከመሬት እምብርት እስከ ገጿ 315 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከጅማ አዲስ አበባ ካለው መንገድ ያንሳል። ከባቢ አየሩ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ያልቃል፤ ከጅማ አጋሮ ድረስ እንኳ አይሞላም። የመሬት ገጽ ላይ ያለው የስበት ጉልበት ግን እንደ እውነተኛው 9.8 ነው። ውጤቱ ይህ ነው፦ በእውነቱ ዓለም ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ለመቆየት በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲያስፈልግ፣ እዚህ በሰከንድ 1.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃል። እውነተኛ ሳተላይት አንድ ዙር ለመጨረስ 90 ደቂቃ አካባቢ ሲፈጅበት የእናንተ ሮኬት በ22 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል፣ ሰዓቱን ማፍጠን ደግሞ ይቻላል። ደረጃውን ከፍ ካደረጋችሁ ዓለሙ ይሰፋል፣ ሁሉም ነገር ይከብዳል። ጨረቃ ደርሳችሁ ሳትመለሱ አትንኩት።

ወደ ግንባታው። ከላይ ወደ ታች ሲቆጠር ፓራሹት፣ ካፕሱል፣ ከካፕሱሉ ሥር የሙቀት መከላከያ ጋሻ፣ መለያያ (ያለቀውን ክፍል አላቅቆ የሚጥለው)፣ ትንሽ የነዳጅ ታንክ፣ ቫሊያንት ሞተር፣ እንደገና መለያያ፣ ትልልቅ ታንኮች፣ መጨረሻ ላይ ሆክ ሞተር። ማረፊያ እግሮቹ የሚገቡት ከትንሹ ታንክ ጎን ነው፤ የታችኛው ጫፋቸው ከቫሊያንቱ አፍ ወርዶ መታየት አለበት፣ አለዚያ ጨረቃ ላይ መጀመሪያ መሬት የሚነካው ሞተሩ ይሆናል። በጣም የተለመደው ስህተት ሁለተኛውን መለያያ ከቫሊያንቱ በታች ሳይሆን በላይ መሰካት ነው። ሲለያይ ሞተሩ ከታችኛው ክፍል ጋር አብሮ ይሄድና ላይ የቀረው ነዳጅ የሞላ ግን ሞተር የሌለው ታንክ ይሆናል። ከመነሳታችሁ በፊት የደረጃዎቹን፣ ማለትም በየተራ የሚሠሩትን ክፍሎች፣ ተራ በጎን ባለው ዝርዝር ላይ አንድ በአንድ እዩት፦ መጀመሪያ ሆክ፣ ቀጥሎ የታችኛው መለያያ፣ ቀጥሎ ቫሊያንት። ፓራሹቱን ዝርዝሩ ውስጥ አታስገቡት፣ ሲደርስ በጣት ነክታችሁ ክፈቱት።

ግንባታው ገጽ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይታያሉ፤ ክብደት፣ ግፊት፣ እና የሁለቱ ንጽጽር። ሦስተኛው ቁጥር ከ1 በታች ከሆነ ሮኬቱ ከመድረኩ ንቅንቅ አይልም። 1.2 ላይ ይነሳል ግን ነዳጁን እዚያው ቆሞ ይበላዋል፤ በስበት ላይ ለመንሳፈፍ ብቻ የሚጠፋው ነዳጅ ብዙ ነው። ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው እውነተኛው ሳተርን 5 ሮኬት ሲነሳ በዚሁ 1.2 አካባቢ ነበር፣ ግን ያ የተነደፈው ለሌላ ዓላማና ለሌላ መጠን ነው። እዚህ ከ1.5 እስከ 2 ድረስ ያዙት። ሆክ 120 ቶን ግፊት ስላለው 60 ቶን የሚመዝን ሮኬት በአንድ ሆክ ንጽጽሩ 2 ይሆናል፤ ለመጀመሪያ ሮኬት ይህን ልክ እመክራለሁ።

ነዳጅ ያነሰበት ተጫዋች የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ታንክ ይጨምራል። ታንክ ሲጨምር ክብደቱ ይጨምራል፣ ንጽጽሩ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሞተር ይጨምራል፣ ሞተሩ ደግሞ ሌላ ነዳጅ ይፈልጋል። ሮኬቱ ሦስት እጥፍ ሆኖ የሚደርስበት ከፍታ እምብዛም አይለወጥም። ምክንያቱ በቀመር ይታያል፤ ሎጋሪዝም የተማረ ሰው በስልኩ ካልኩሌተር ሊሠራው ይችላል። ሮኬቱ ሊያገኝ የሚችለው ጠቅላላ የፍጥነት ለውጥ የሚገኘው የሞተሩን ብቃት (ነዳጁን ምን ያህል ቆጥቦ ወደ ግፊት እንደሚለውጥ የሚያሳየውን ቁጥር) በ9.8 አባዝቶ፣ ያን ደግሞ ሙሉ ክብደት ለባዶ ክብደት ተካፍሎ በሚወጣው ቁጥር ሎጋሪዝም በማባዛት ነው። ሎጋሪዝሙ ln የሚባለው ነው። የሆክ ብቃት 240፣ የቫሊያንት 280 ነው፤ ክፍሉን ስትነኩት ይጻፍላችኋል።

በቁጥር እንየው። ጠቅላላው 60 ቶን ነው፣ ከዚያ ውስጥ የላይኛው ክፍል 12 ቶን። የታችኛው ክፍል 36 ቶን ነዳጅ ያቃጥላል፣ 24 ቶን ይቀራል። 60 ለ24 ሲካፈል 2.5፣ ሎጋሪዝሙ 0.916፤ በ240 እና በ9.8 ሲባዛ በሰከንድ 2,155 ሜትር። ባዶው የታች ክፍል ተጥሎ 12 ቶኑ ብቻ ሲቀጥል፣ 7 ቶን ነዳጅ አቃጥሎ 5 ቶን ይቀራል። 12 ለ5 ሲካፈል 2.4፣ ሎጋሪዝሙ 0.875፤ በ280 እና በ9.8 ሲባዛ 2,400 ገደማ። ድምሩ በሰከንድ 4,550 ሜትር አካባቢ ይመጣል። ያንኑ 43 ቶን ነዳጅ ሳትከፋፍሉ በአንድ ሆክ ብቻ ብታቃጥሉት ግን 60 ለ17 ተካፍሎ የሚሰጣችሁ ከ3,000 በታች ነው። ነዳጁ አልተለወጠም፣ ክብደቱም አልተለወጠም። ልዩነቱን ያመጣው ባዶ ታንክና ከባድ ሞተር ይዞ አለመሄድ ነው።

ወጪው ደግሞ በሜትር በሰከንድ ሲቆጠር ይህን ይመስላል። ከመሬት ተነስቶ ምህዋር ለመግባት አየሩና ስበቱ የሚያባክኑት ተጨምሮ 2,100 አካባቢ። ከምህዋር ወደ ጨረቃ 670 ገደማ። ጨረቃ ዙሪያ ለመያዝ 180። ለማረፍ 450፣ ለመነሳትም ያንኑ ያህል፣ ጨረቃን ለቆ ወደ መሬት ለመመለስ 180። ድምሩ 4,030 ነው፤ ከላይ የተሰላው ሮኬት 500 ያህል ተርፎት ይመለሳል። ያ ትርፍ ለጣት ስህተት ነው፣ በመጀመሪያው በረራ ያስፈልጋችኋል።

በረራው ላይ ዋናው ነገር የማዘንበል ሰዓት ነው። ሙሉ ግፊት ስጡና 1 ኪሎ ሜትር አካባቢ ድረስ ቀጥ ብላችሁ ውጡ። ከዚያ በትንሽ በትንሹ አዘንብሉ፣ 10 ኪሎ ሜትር ላይ 45 ዲግሪ ግድም፣ 20 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ አግድም የቀረበ ይሁን። እያዘነበላችሁ ካርታውን ክፈቱ። የመንገዳችሁ ከፍተኛ ጫፍ 35 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሞተሩን አጥፉ። ብዙዎች እዚህ ላይ ሞተር ማጥፋት ያስፈራቸዋል፤ ሮኬቱ ግን በያዘው ፍጥነት እስከዚያ ጫፍ ድረስ ራሱ ይወጣል። ጫፉ ጋ ልትደርሱ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ የሮኬቱን አፍንጫ ፍጹም አግድም አድርጉና እንደገና አቀጣጥሉ። ካርታው ላይ የመንገዱ ሌላኛው ጎን ከመሬት ውስጥ እየወጣ፣ እያበጠ ሲመጣ ታያላችሁ። ዝቅተኛው ጫፍ ከ30 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ አጥፉ፣ ምህዋር ላይ ናችሁ። ጫፉን አልፋችሁ መውረድ ከጀመራችሁ በኋላ ካቀጣጠላችሁ ግማሹ ግፊት መውደቁን ለማቆም ይባክናል። ቀድማችሁ ካቀጣጠላችሁ ደግሞ ምህዋሩ አይታረምም፣ ከፍተኛው ጫፍ ብቻ እየሸሸ ይሄዳል። ያዘነበላችሁት ገና 300 ሜትር ላይ ከሆነ ሮኬቱ ወፍራም አየር ውስጥ በአግድም ይሮጣል፤ ነዳጁን አየር ይበላዋል።

ጨረቃን ለመያዝ ሰው የሚሳሳተው ጨረቃ ወዳለችበት በማቅናት ነው። ጉዞው በጌሙ ሰዓት 27 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ጨረቃም በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ 65 ዲግሪ ትጓዛለች። ስለዚህ የምታቀጣጥሉት ጨረቃ ከእናንተ 115 ዲግሪ ያህል ስትቀድም ነው፣ ከሩብ ዙር ትንሽ በለጥ ማለት ነው። ይህን በዓይን መገመት አያስፈልግም፤ ካርታው ላይ ጨረቃን ነክታችሁ መድረሻ አድርጋችሁ ስትመርጧት የት ላይ ማቀጣጠል እንዳለባችሁ መስመር ያሳያችኋል። አፍንጫው ሁልጊዜ ወደምትሄዱበት አቅጣጫ ይሁን፣ ወደ ጨረቃ አይደለም። መንገዱ ጨረቃን ሊነካ ሲቃረብ ግፊቱን ወደ ትንሽ አውርዱ፤ እዚያ ርቀት ላይ በሰከንድ 5 ሜትር ልዩነት የማረፊያችሁን መንገድ በብዙ ኪሎ ሜትር ያዛውረዋል። ከጨረቃ በስተኋላ ካለፋችሁ ስበቷ ጎትቶ ፍጥነት ይጨምርላችኋል፣ ከፊቷ ካለፋችሁ ይቀንስባችኋል። እውነተኛ መንኮራኩሮች ከፕላኔት ወደ ፕላኔት የሚሄዱበት ዘዴ ይኸው ነው፣ ጌሙ ውስጥም ይሠራል።

ጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ ፓራሹት ዋጋ የለውም። ዝቅ ባለ ምህዋር ላይ ሆናችሁ ወደ ኋላ አቀጣጥሉ፣ መንገዱ መሬቷን እንዲነካ። ከዚያ የጎን ፍጥነቱን ጨርሳችሁ አጥፉ፣ የቁልቁል ፍጥነቱን ለመጨረሻው አቆዩት። ብዙ ነዳጅ የሚባክነው ከላይ ጀምሮ ቀስ እያሉ በመውረድ ነው፤ በአየር ላይ ያሳለፋችሁት እያንዳንዱ ሰከንድ በጨረቃ ስበት ልክ 1.6 ሜትር በሰከንድ ይበላችኋል። 1 ኪሎ ሜትር ላይ ከ30 ሜትር በሰከንድ በታች፣ ስትነኩ ከ5 በታች ከሆናችሁ እግሮቹ ይችሉታል። መሬቷ ተዳፋት ከሆነ ረጅምና ቀጭን ሮኬት ይገለበጣል፤ የላይኛውን ክፍል አጭርና ሰፊ አድርጉት። እዚህ አካባቢ ሰዓቱን በጭራሽ አታፍጥኑ።

ስትመለሱ ወደ መሬት የምትደርሱት በሰከንድ 2.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዝቅተኛው ጫፋችሁ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ እንዲሆን አስተካክሉ። ቀጥ ብላችሁ ከገባችሁ ሙቀቱ ያፈነዳችኋል፣ 29 ላይ ካለፋችሁ ደግሞ አየሩ ሳይዛችሁ ትወጣላችሁ። ታንኩን ጥላችሁ ጋሻው ወደ ፊት እንዲሆን ካፕሱሉን አዙሩት። ፓራሹቱን የምትነኩት ፍጥነቱ ከወረደ በኋላ ነው፤ በፍጥነት ላይ አይከፈትም።

እስካሁን ያለው ለጌሙ የምከራከርበት ነበር። አሁን የሚወቀስበት።

ትልቁ ጉድለት ከላይ በእጅ ያሰላነውን የፍጥነት ለውጥ ቁጥር አለማሳየቱ ነው። ክብደቱንም፣ ግፊቱንም፣ የሞተሩንም ብቃት ያውቃል። አንድ መስመር ስሌት ነው የቀረው። ያ ቁጥር ግንባታው ገጽ ላይ ቢኖር ታንክ ሲጨመር ምን ያህል ትንሽ እንደሚያተርፍ፣ መለያያ ሲጨመር ምን ያህል ብዙ እንደሚያተርፍ ልጁ በዓይኑ ያያል፣ «ነዳጁን አሳነሱት» የሚለውም ቅሬታ በራሱ ይጠፋል። ብዙ ሰው ጌሙን በመጀመሪያው ቀን የሚያጠፋው ፊዚክሱ ከብዶት አይደለም፤ የት እንደተሳሳተ የሚነግረው አጥቶ ነው። የትምህርት ክፍሉም ቁልፎቹን ያሳያል እንጂ ለምን ማዘንበል እንደሚያስፈልግ አያስረዳም። ምናሌው ላይ አማርኛም አፋን ኦሮሞም የለም፤ ጅማ ላይ ይህን ጌም የሚነካው ታዳጊ ከሁለቱ አንዱን ነው አቀላጥፎ የሚያነበው።

ሁለተኛው ስበቱ በአንድ ጊዜ ከአንድ አካል ብቻ መምጣቱ ነው። መሬት ዙሪያ ሳላችሁ የሚጎትታችሁ መሬት ብቻ ነው፤ የጨረቃን ክልል ድንበር ስታልፉ መሬት ሙሉ በሙሉ ትረሳለች። በዚህ ረገድ ከአንግሪ በርድስ ክቦች ያን ያህል አልራቀም፣ ክቡ አይታይም እንጂ አለ። ለስልክ ስሌት ማቅለያ ስለሆነ አልፈርድበትም። ግን የሁለት አካላት ስበት ተጣምሮ መንኮራኩርን ከእነሱ ጋር እኩል የሚያዞርባቸው ነጥቦች ጌሙ ውስጥ የሉም ማለት ነው። ጀምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ያለበት፣ ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚርቀው ቦታ እንደዚያ ዓይነት ነጥብ ነው፤ እዚህ ያንን ብትሞክሩ መንኮራኩራችሁ ፀሐይን እየዞረ ከመሬት ይርቃል።

ሦስተኛው፣ ፕላኔቶቹ በራሳቸው ዛቢያ አይሽከረከሩም። ጅማ በ7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ሰሜን ላይ ስለሆነች እዚህ የቆመ ሰው ሁሉ ሳይታወቀው በሰከንድ 460 ሜትር ወደ ምሥራቅ እየሄደ ነው። ከዚህ ወደ ምሥራቅ የሚነሳ እውነተኛ ሮኬት ያን ፍጥነት በነፃ ያገኛል፤ ማስወንጨፊያ ጣቢያዎች ወደ ምድር ወገብ የሚጠጉትም አንዱ ለዚህ ነው። ጌሙ ውስጥ ግራም ብታዘነብሉ ቀኝም ያው ነው። ጠፍጣፋ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይደብቃል፤ የምህዋር ዘንበል ማለትን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይታችን የምትዞረው በዋልታዎቹ በኩል ነበር፤ መሬት ከሥሯ እየዞረች ስለምትሰጣት ነው አገር ሁሉ ፎቶ ማንሳት የቻለችው። ልጆች «የእኛን ሳተላይት ሥራ» ሲባሉ ክብ ምህዋር ይሠራሉ፣ ዋልታውን ግን የሚያሳዩበት መንገድ የለም።

ስልክን በተመለከተ፣ 2 ጊጋ ራም ያላቸው ቴክኖና አይቴል ላይም ይከፈታል፣ የሚከብደው ክፍል ሲበዛ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይሰላል። አሥር ትንንሽ ታንክ ከምትደራርቡ አንድ ትልቅ አስገቡ፤ ክብደቱ ያው ነው፣ ስልኩ ግን ይተነፍሳል። የጣላችኋቸው ባዶ ታንኮችም ምህዋር ላይ እየዞሩ ይቆያሉ፤ ላግ ማድረግ ሲጀምር ከምናሌው ፍርስራሹን አጽዱ። ረጅም በረራ ባትሪ ይበላል፣ መብራት የመጥፋቱ ነገር ካለ ጨረቃ ላይ ከመውረዳችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ።

ስልክ ቤት በሼርኢት ወይም በፍላሽ የሚሰጠው «ሁሉም የተከፈተበት» ቅጂ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከፕሌይ ስቶር ስላልመጣ አይታደስም፣ አዲስ ለመጫን ሲፈለግ አሮጌው መጥፋት አለበት፣ አብረውም የሠራችኋቸው ሮኬቶች ይጠፋሉ። ውስጡ ምን እንደተጨመረበትም የሚያውቅ የለም፤ ያንኑ ስልክ ለቴሌብር የሚጠቀም ሰው ጌሙ የኤስኤምኤስ ወይም የስልክ ቁጥሮች ፈቃድ ከጠየቀው ወዲያው ያጥፋው። ሮኬት መገጣጠም የጽሑፍ መልእክት ማንበብ አይፈልግም።

በሕጋዊ መንገድ መግዛት የሚፈልግ ደግሞ ዓለም አቀፍ ክፍያ የተከፈተለት ካርድ ያስፈልገዋል፣ ይህም ለአብዛኛው ተማሪ ዝግ በር ነው። አያስቆጭም፣ መጀመሪያ የሚገዛው ነገር ችግራችሁን ስለማይፈታ። በክፍያ የሚመጣው ታይታን ሞተር 400 ቶን ግፊት አለው፣ ብቃቱ ግን እንደ ሆክ 240 ነው፤ ከባድ ነገር ያነሳል እንጂ ነዳጅ አይቆጥብም። ለሁለተኛ ደረጃ የሚጠቅመው ፍሮንቲየር ነው፣ 290 ብቃት፣ ግን 100 ቶን ግፊቱ የ12 ቶን የጨረቃ መንኮራኩር ላይ ሲገጠም ስሮትሉን (የግፊት መቆጣጠሪያውን) በትንሹ ብትነኩት እንኳ ያስፈነጥራችኋል። ከቫሊያንቱ የሚያተርፈው በ10 ነጥብ ብቻ ነው፣ እሱንም የራሱ ክብደት ይመልሰዋል። ከ40 ቶን በላይ የሚመዝን ነገር ወደ ማርስ መላክ እስክትጀምሩ ድረስ በነፃው ቆዩ።